ወንዙ ሲሞላ፦ በትንሽ የገጠር ከተማ የጎርፍ ሰሞን ኑሮ (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

ስለ ጎርፍ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ውሃው የገባበት ሌሊት ነው። ከዚያ ሌሊት በኋላ ግን ሳምንታት አሉ። ልጅ ይርበዋል፣ ላም ትታለባለች፣ መድኃኒት ያልቃል፣ ሽንት ቤት ይጠፋል፣ ስልክ ይዘጋል። ከታች ያሉት ጥያቄዎች በአብዛኛው ስለዚህ ኑሮ ናቸው። አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ሰው የሚጎዳው ውሃው ጣሪያ በደረሰበት ሰዓት ብቻ አይደለም። መጉደል ሲጀምርና «ተገላገልን» ብሎ ሲዘናጋም ነው። ከጎርፍ በኋላ ስላለው ጊዜ ብዙ የጻፍኩት ለዚህ ነው።

እኛ ጋ ዝናብ ጠብ ሳይል ወንዙ ለምን ይሞላል?

ወንዝ ይዞ የሚመጣው ላይኛው አገር የዘነበውን ነው። ደጋው ላይ ዶፍ ሲወርድ ታች ያለው ከተማ ሰማዩ ጥርት ያለ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የራስን ሰማይ ብቻ አይቶ መተኛት አያዋጣም።

ሙላት ሁለት መልክ አለው። አንዱ ደራሽ ነው። ከተራራ ተንደርድሮ በደቂቃዎች ወይም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይደርሳል። ሌላው ቀስ እያለ ከዳር ወጥቶ ሜዳው ላይ ይተኛል፤ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ይቆያል። በ1998 ዓ.ም ክረምት ኢትዮጵያ ውስጥ ሁለቱም በሳምንታት ልዩነት ታይተዋል። ድሬዳዋ ላይ ብዙውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ የሆነው የደቻቱ ወንዝ ሰው በተኛበት በሌሊት ደረሰ። ታችኛው ኦሞ ላይ ደግሞ ወንዙ ከዳሩ ወጥቶ ሜዳውን አጥለቀለቀው፤ ሰውና ከብት ከበበ። በሁለቱም ቦታ በመቶዎች የሚቆጠር ሰው አልቋል። ደራሹን ማምለጥ የሚቻለው በፍጥነት ወደ ከፍታ በመውጣት ነው። ለሚተኛው ውሃ ደግሞ ስንቅና ትዕግስት ያስፈልጋል። የእናንተ ወንዝ የትኛው እንደሆነ ከሽማግሌዎች ጠይቁ፤ ሁለቱንም የሚያደርግ ወንዝም አለ።

ውሃው ሊመጣ እንደሆነ በምን እናውቃለን?

የውሃው ቀለም በድንገት ወደ ቡኒ ከተቀየረ፣ ቅጠልና ቅርንጫፍ መንሳፈፍ ከጀመረ፣ ድምፁ ከወትሮው ከከበደ ላይ የሆነ ነገር አለ ማለት ነው። ውሃው ያለ ምክንያት ቢቀንስም ደስ አይበላችሁ። ላይ በናዳ ወይም በግንድ ተገድቦ ሊሆን ይችላል። ሲለቀቅ አንድ ላይ ይመጣል።

ከዚህ ሁሉ የሚሻለው ግን መለካት ነው። ድልድዩ ምሰሶ ላይ ወይም ዳር ላይ በተተከለ ጠንካራ እንጨት ላይ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ መስመር አስምሩ። አንድ ሰው በየግማሽ ሰዓቱ እያየ ደብተር ላይ ይጻፍ፤ ሲጨልም ደግሞ ራቅ ብሎ በባትሪ ይይ። «ጨምሯል» ከሚል ወሬ ይልቅ «በአንድ ሰዓት 20 ሳንቲ ጨምሯል» የሚል ቃል ሰው ያስነሳል። የድሮ ሰዎችም ይህን ያውቁ ነበር። ካይሮ ውስጥ ሮዳ ደሴት ላይ የዓባይን ሙላት ለመለካት እ.ኤ.አ. በ861 የተሠራው ምልክት ያለበት የድንጋይ ዓምድ ዛሬም ቆሟል።

ሁለተኛው ነገር ስልክ ነው። ከእናንተ በላይ ያለ ከተማ ውስጥ የምትደውሉለት ሰው ይኑራችሁ። እነሱ ጋ ከሞላ ስንት ሰዓት ቆይቶ እናንተ ጋ እንደሚደርስ ከሁለት ሦስት ሙላት በኋላ በደንብ ይታወቃል።

ታዲያ ሰው ለምን ከወንዝ ዳር አይነሳም?

ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ከሩቅ ሰው ነው የሚመጣው፤ አንዳንዴም የወቀሳ ቃና አለው። መልሱ ግን ግልጽ ነው። ያው ጎርፍ ደለል ይዞ ይመጣል። ውሃው ሲሸሽ የሚቀረው አፈር ለእህል እጅግ ጥሩ ነው። ጉድጓድ ሲቆፈር ውሃ ቅርብ ነው። መሻገሪያ ባለበት መንገድ ይገናኛል፣ መንገድ በተገናኘበት ገበያ ይቆማል፣ ገበያ ባለበት ከተማ ይበቅላል። ትንንሽ ከተሞች ወንዝ ዳር የቆሙት በስህተት አይደለም። ደግሞ ተነሱ የተባሉ ሰዎች የሚሄዱበት መሬት፣ የሚያርሱት እርሻ ካልተሰጣቸው ተመልሰው ይመጣሉ። እኔ እንደሚመስለኝ ትክክለኛው ጥያቄ መኖሪያው፣ ትምህርት ቤቱና ጤና ጣቢያው ከፍታው ላይ ሆነው እርሻው ብቻ ታች እንዲቀር ምን ይደረግ የሚለው ነው። ባንግላዴሽ ውስጥ ወንዝ መሃል ባሉ የደለል ደሴቶች ላይ የሚኖሩ ቤተሰቦች ቤታቸውን የሚሠሩት አፈር ከምረው ከፍ ባደረጉት መሬት ላይ ነው።

ለመውጣት ጊዜው አጭር ከሆነ ምን ልያዝ?

መጀመሪያ ሰው። ከዚያ የዕለት መድኃኒት፣ በፌስታል የተጠቀለለ መታወቂያና የቤት ወይም የመሬት ወረቀት፣ ስልክና ቻርጀር፣ ባትሪ፣ አንድ ጀሪካን ንጹሕ ውሃ፣ ለልጅ የሚለበስ። ሌላው ይቅር። ቴሌቪዥንና ፍራሽ ለማውጣት የተመለሰ ሰው ነው ብዙ ጊዜ የሚያዘው።

ውሃው ቁርጭምጭሚት ብቻ ነው፤ ተሻግሬ ብመለስ ምን አለበት?

አትሻገሩ። ይህን መልስ ማለስለስ አልፈልግም። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚባለው በትክክል እንዲህ ላለው ውሃ ነው።

በፍጥነት የሚሄድ 15 ሳንቲ ሜትር ውሃ ትልቅ ሰው ሊጥል ይችላል። 30 ሳንቲ ሜትር ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል። 60 ሳንቲ ሜትር ደግሞ ብዙዎቹን መኪኖች፣ ፒክአፕን ጨምሮ፣ ይወስዳል። ምክንያቱ የውሃ ክብደት ነው፤ አንድ ሜትር ኩብ ውሃ አንድ ቶን ይመዝናል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ደግሞ ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ትናንት ያለፋችሁበት ጥልቀት ዛሬ በሌላ ፍጥነት ሌላ ውሃ ነው።

ሌላም ችግር አለ። ድፍርስ ውሃ ሥር ምን እንዳለ አይታይም። መንገዱ ተቦርቡሮ ሊሆን ይችላል። የተከፈተ ጉድጓድ፣ የታጠረ ሽቦ፣ የተሰበረ ጠርሙስ ሊኖር ይችላል። በእግር ከመሻገር ውጭ ምርጫ የሌለው ሰው፣ ማለትም ያለበት ቦታ ራሱ እየሰመጠ ያለ ሰው፣ ረጅም በትር ይያዝ፤ ከመርገጡ በፊት ይውጋ፤ ውሃው ከሚሮጥበት ይልቅ የቆመበትን ይምረጥ። ልጅ በጀርባ አዝሎ ለብቻ መሻገር በጣም አደገኛ ነው፤ ቢያንስ ሌላ ሰው ይጠራ።

ሾፌሮችም ስሙ። ተሳፋሪ «በርታ፣ ያልፋል» ሲል እሺ ማለት ጀግንነት አይደለም። ድልድይ ከሆነ ደግሞ ውሃው ከጎደለ በኋላም ቢሆን ከባድ መኪና አታሳልፉ። ጎርፍ የምሶሶውን እግር ሥር ሥሩን ይበላዋል፤ ከላይ ግን ደህና ይመስላል። መሐንዲስ እስኪያየው ይጠበቅ።

መብራቱን ምን እናድርግ?

ውሃ ከመግባቱ በፊት፣ እግራችሁ ደረቅ መሬት ላይ ሳለ፣ ዋናውን ማጥፊያ አጥፉ። ውሃ ውስጥ ቆማችሁ ቆጣሪ አትንኩ። የወደቀ ሽቦ ካለ ከሩቅ ዞራችሁ ሂዱ፤ ልጆችን አርቁ። የሶላር ሰሌዳ ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ሰሌዳው ፀሐይ እስካለ ድረስ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ መስመሩ ተቆርጦም ቢሆን። ጄነሬተር ያለው ሰው ቤት ውስጥ ወይም በረንዳ ላይ አያስነሳው። ጭሱ ሽታ የሌለው መርዝ አለው፤ ተኝቶ የነበረ ቤተሰብ ሳይነቃ ይቀራል።

ስልክን በተመለከተ፣ ኔትወርክ ሲጨናነቅ ጥሪ እምቢ ሲል አጭር መልእክት ብዙ ጊዜ ያልፋል። አንድ ሰው ለቤተሰቡ ሁሉ ይጻፍ፤ የሌሎቹ ስልክ ይጥፋና ባትሪ ይቆጠብ።

ዙሪያችን ውሃ ነው፤ የምንጠጣው ግን የለም። ምን ይሻላል?

የጎርፍ ውሃ የሽንት ቤት ጉድጓድ፣ የሞተ እንስሳ፣ የእርሻ መድኃኒትና ነዳጅ ሁሉ ያጠበ ውሃ ነው። በዓይን የጠራ ቢመስልም አይጠጣም።

የመጀመሪያው ምርጫ የዝናብ ውሃ ነው። ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚወርደውን የመጀመሪያውን ውሃ ልቀቁት፤ ጣሪያውን ያጠበ ነውና። ከዚያ በኋላ ያለውን በንጹሕ ዕቃ ያዙ። ይህም ቢሆን ይፈላ ወይም ይታከም።

ውሃው ከደፈረሰ አስቀምጡት፤ አተላው ይውረድ። የላዩን በወፍራም ንጹሕ ጨርቅ አጥሉት። ከዚያ አፍሉት። እየተንተከተከ አንድ ደቂቃ ይበቃል። ከባሕር ወለል ከ2000 ሜትር በላይ ከሆናችሁ ግን 3 ደቂቃ ይሁን፤ ከፍታ ላይ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ ነው።

ማገዶው ረጥቦ ማፍላት ካልተቻለ በረኪና ይሠራል። ሽታና ሳሙና ያልተጨመረበት፣ ከ5 እስከ 6 በመቶ የሆነ በረኪና ብቻ ነው የሚሆነው። ለአንድ ሊትር ጥሩ ውሃ 2 ጠብታ፤ ትንሽ ከደፈረሰ 4 ጠብታ። አማስሉና 30 ደቂቃ ጠብቁ። በመጨረሻ ስስ የክሎሪን ሽታ መኖር አለበት። ከጤና ጣቢያ የተሰጣችሁ የውሃ ማከሚያ ካለ ግን እሱን አስቀድሙ፤ መጠኑም ላዩ ላይ ተጽፏል። ነዳጅ ነዳጅ ወይም የእርሻ መድኃኒት የሚሸት ውሃ ግን ማፍላትም በረኪናም አያድነውም። ድፉት።

ስንት ይበቃል ለሚል፣ በአደጋ ጊዜ ለመጠጥ፣ ለማብሰያና ለንጽሕና በአንድ ላይ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ያስፈልጋል ተብሎ ይታሰባል። የጎረቤት ወጣቶች ውሃ ሲያመላልሱ የመጀመሪያው ጀሪካን ጉልበት ለሌለው ቤት ይሂድ።

ጎርፍ የገባበት ጉድጓድ ውሃው ቢጠራም ዝም ብሎ አይቀዳም። ውሃው ተስቦ ይፈሳል፣ ክሎሪን ይጨመርበታል፣ እስከ አንድ ቀን ይቆያል፣ ከዚያ ሽታው እስኪጠፋ ይፈሳል። የክሎሪኑን መጠን የጤና ባለሙያ ይወስን፤ በግምት የሚሠራ አይደለም።

ሽንት ቤቱ ሞልቷል። የት እንሂድ?

ሰው ለመጠየቅ የሚያፍርበት ጥያቄ ነው። በኔ እምነት ግን ከምግብ እኩል አስቸኳይ ነው። ሰው በየጥጋጥጉ ከተጸዳዳ በቀናት ውስጥ ተቅማጥ መጠለያውን ያዳርሳል።

ከፍ ያለ ቦታ ካለ ከውሃ መቅጃ ቢያንስ 30 ሜትር የራቀ ጊዜያዊ ጉድጓድ ይቆፈር፤ ሸራ ይከለል። ከሌለ ባልዲ ውስጥ ፌስታል ተደርጎ፣ በላዩ አመድ ተነስንሶ፣ ታስሮ ለብቻ ይቀመጥ። ለሴቶች የተለየ ቦታና ማታ ማታ መብራት ይኑር። ጨለማ የፈራች ልጅ ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳትጠጣ ትውላለች፤ ይህ እውነት ነው፣ አስተባባሪዎች ብዙ ጊዜ አያዩትም። የወር አበባ መጠበቂያም ከእርዳታው ዝርዝር አይጣል።

ከብቶቹንስ?

ወንዙ ገና ሳይወጣ ወደ ከፍታ ንዱ። ጊዜ ካጣችሁ ገመዱን ፍቱ፣ በረቱን ክፈቱ። የታሰረ ከብት ይሰምጣል። የተፈታ ግን ብዙ ጊዜ ዋኝቶ ይተርፋል።

የሞቱትን ከውሃ መቅጃ አርቃችሁ በጥልቀት ቅበሩ። በድንገት ሞቶ ከአፍ ከአፍንጫው የማይረጋ ደም የሚወጣ እንስሳ ካያችሁ አትረዱት፣ ቆዳውንም አትግፈፉ። ወደ ሰው የሚተላለፈው አባ ሰንጋ የሚባል በሽታ ሊሆን ይችላል። ጎርፍ አፈር ውስጥ ለዓመታት የቆየውን ተሕዋስ ወደ ላይ ያወጣዋል። የእንስሳት ሐኪም ጥሩ።

ነፍሰ ጡር፣ አረጋዊ ወይም የማያቋርጥ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለን?

ሌላው ሰው ጠብቆ ይውጣ፤ እነሱ ግን አስቀድመው ይውጡ። የመውለጃ ወሯ የገባ ሴት ወንዙ መንገዱን ከመዝጋቱ በፊት ጤና ጣቢያው ወዳለበት ማዶ ትሻገር፤ ዘመድ ጋ ትቀመጥ። የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የቲቢ፣ የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው የዝናቡ ወቅት ሲገባ ተጨማሪ መድኃኒት እንዲሰጠው ይጠይቅ። ብዙዎቹ የኢንሱሊን ዓይነቶች መጠቀም ከተጀመረ በኋላ ከ30 ዲግሪ በታች በሆነ ቦታ 4 ሳምንት ያህል ይቆያሉ። ስለዚህ ማቀዝቀዣ ጠፋ ብሎ መጣል አያስፈልግም፤ ጥላ ውስጥ ይቀመጥ።

ትንሽ ከተማ ትልቁ ሀብቷ እዚህ ላይ ነው። ማን አልጋ ላይ እንደዋለ፣ ማን ብቻዋን እንደምትኖር፣ የማን ጆሮ እንደማይሰማ ሰው ሁሉ ያውቃል። ያንን እውቀት ወረቀት ላይ አስፍሩት። ከእያንዳንዱ ስም ጎን የሚያወጣው ሰው ስም ይጻፍ። በሌሊት «እኔ እከሌ ያወጣታል ብዬ ነበር» እየተባባሉ ሰው እንዳይረሳ።

ትምህርትና ገበያስ?

መጠለያ የሚሆነው ብዙ ጊዜ ትምህርት ቤቱ ስለሆነ ትምህርቱ ይቆማል። ቢቻል አንድ ሁለት ክፍል ለተማሪ ይተው። ልጆች በቀን ሁለት ሰዓት እንኳ ቢማሩ ውሃ ዳር አይውሉም። ወንዙ ከተማውን ለሁለት ከከፈለው ደግሞ ወፍጮው ማዶ፣ መድኃኒት ቤቱ ወዲህ ይቀራል። ነጋዴዎች ዋጋ ባይሰቅሉ፣ ጀልባ ያለው ሰውም ለታማሚ ቅድሚያ ቢሰጥ፣ ይህ ነገር ሰው ሲያስታውሰው የሚኖር ነው።

ውሃው ጎድሏል። ቤቴ ልግባ?

በቀን ብርሃን፣ ለብቻ ሳይሆን፣ በመጀመሪያ ከውጭ ዞራችሁ አይታችሁ። የጭቃ ግድግዳ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ውሃው ከሸሸ በኋላ ነው። ርሶ ከብዷል፤ ከጎን ደግፎት የነበረው ውሃ ደግሞ ሄዷል። ግድግዳው ከተነፋ፣ ከተሰነጠቀ፣ ጣሪያው ካጋደለ አትግቡ። በርና መስኮት ከፍታችሁ አናፍሱ። ዕቃ በእጅ ሳይሆን በእንጨት አንሱ፤ እባብና ጊንጥም ከውሃ ሸሽተው ደረቅ ቦታ ይፈልጋሉ።

ጭቃውን ሳይደርቅ አውጡት፤ ከደረቀ በኋላ አቧራው ለሳንባም መጥፎ ነው፣ ሥራውም እጥፍ ይሆናል። ቦቲ ጫማና ጓንት ይኑር። ሻጋታ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይጀምራል፤ ስለዚህ የረጠበ ፍራሽና ምንጣፍ ፀሐይ ላይ ይውጣ። በረኪናን ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ፤ የሚያፍን ጋዝ ይወጣል።

የረጠበውን እህል አድርቀን ብንበላውስ?

ልብ የሚሰብር ጥያቄ ነው፤ የዓመት ልፋት ነውና። ከላይ ያለውን፣ ውሃ ያልነካውን ጆንያ ወዲያው ለዩና ሌላ ቦታ አኑሩ። የጎርፍ ውሃ የገባበትን ግን ለምግብ አትቁጠሩት። የሻገተ እህል ውስጥ የሚፈጠረው መርዝ በማብሰል አይጠፋም። ለምትታለብ ላም ብትሰጡትም በወተቱ ተመልሶ ይመጣል። የተበላሸውን መጠን ግን ከመጣላችሁ በፊት አስመዝግቡ፣ ፎቶ አንሱ፤ ለእርዳታም ለዘርም ሲጠየቅ ማስረጃ ይሆናል።

ከጎርፍ በኋላ የትኛውን በሽታ እንጠብቅ?

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ተቅማጥ ነው፤ ኮሌራም ሊሆን ይችላል። እንደ ውሃ የሚፈስ ተቅማጥ የያዘው ሰው በሰዓታት ውስጥ ሊደክም ስለሚችል ሳይዘገይ ጤና ጣቢያ ይሂድ። እስከዚያ ኦ.አር.ኤስ (ለተቅማጥ በውሃ የሚበጠበጥ ዱቄት) ይጠጣ። ከሌለ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው በአፉ ልክ ሆኖ፣ ይበጥበጥ። ጡት የሚጠባ ሕፃን መጥባቱን አያቁም።

በጭቃ ውስጥ የተቆረጠ እግር በሳሙና ይታጠብ፤ ስለ ቲታነስ ክትባት ይጠየቅ። ጎርፍ ውስጥ የቆየ ሰው ከሳምንት ሁለት ሳምንት በኋላ ትኩሳት፣ የባት ሕመምና የዓይን መቅላት ቢሰማው ውሃ ውስጥ እንደነበረ ለሐኪሙ ይንገር። በአይጥ ሽንት የሚተላለፍ በሽታ ሊሆን ይችላል።

ወባ ዘግይታ ነው የምትመጣው። ጎርፉ መጀመሪያ የትንኟን እጭ ጠርጎ ይወስዳል። ውሃው ኩሬ ኩሬ ሆኖ ሲቀር ግን ከእንቁላል እስከ ትንኝ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይበቃል፤ በሽተኛው የሚበዛውም ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ነው። ስለዚህ አጎበሩን ጎርፍ አለፈ ብላችሁ አትጠቅልሉት።

ልጄ ዝናብ በሰማ ቁጥር ይንቀጠቀጣል።

አትቆጡት፣ «ወንድ ልጅ አይፈራም» አትበሉት። የሆነውን በራሱ ቃል ይናገር። አንዲት ትንሽ ሥራ ስጡት፤ የመለኪያውን እንጨት ከአባቱ ጋር አይቶ ቁጥሩን ይንገራችሁ። በጊዜው ይበላ፣ በጊዜው ይተኛ። ሳምንታት አልፈውም እንቅልፍ ካጣ የጤና ባለሙያ ያማክሩ። አዋቂዎችም እንዲሁ ናችሁ፤ ማልቀስ ያስፈለገው ያልቅስ።

ለሚቀጥለው የዝናብ ወቅት ከአሁኑ ምን እንሥራ?

ውሃው የደረሰበትን ከፍታ ጭቃው ሳይታጠብ በትምህርት ቤቱ፣ በጤና ጣቢያውና በገበያው ግድግዳ ላይ በቀለም አስምሩ፤ ዓመተ ምሕረቱንም ጻፉ። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው መሠረቱን ከዚያ መስመር በላይ ያድርግ። የፍሳሽ ቦዮችን በደረቁ ወራት ጥረጉ። ጆንያ አዘጋጁ። አሸዋ ሲሞላ እስከ ግማሽ ወይም ትንሽ አለፍ ብሎ ይሁን፤ ጢም ያለ ጆንያ እርስ በርሱ አይገጥምም፣ ውሃ ያሳልፋል። ሲደረደር እንደ ጡብ እያፈራረቃችሁ፣ ከሥሩ ላስቲክ አንጥፋችሁ። ይህም ቢሆን ሰዓታት ይገዛላችኋል እንጂ ወንዝ አያቆምም። ወንዙ ዳር ዛፍና ሣር መልሱ፤ የተራቆተ ዳር በየሙላቱ ይናዳል።

የመውጫውን መንገድ ደግሞ አንድ ጊዜ በቀን፣ አንድ ጊዜ በጨለማ ከልጆችና ከሽማግሌዎች ጋር ሂዱበት። አያትየው ኮረብታው ላይ ለመድረስ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅባቸው ያኔ ይታወቃል። ማንቂያው መቼ መነፋት እንዳለበትም ከዚያ ተነስታችሁ አስሉ።